አንድ ወንበር፣ ሁለት ተቀማጭ

ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ቢሮአችን ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወጥተው ፒያሳ ሊደርሱ ሲሉ ባለ አንድ አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ነው። ማኪያቶዬን ምድር ቤት ካለው ቡና ቤት፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ጠጣሁና ወጥቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ስፈራው የከረምኩትን ነገር የዚያን ዕለት ላደርገው ቆርጬ ነበር። የመተግበሪያችን አሮጌ ኮድ አዲሱ የፕሮግራም ቋንቋ እትም በሚያዘው ጥብቅ ሕግ እንዲመረመር ማዘዝ። ሥራው አንዲት ቃል መቀየር ብቻ ነው። ቀየርኳት። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበ። ከዚያ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በስህተት ማስጠንቀቂያ ቀላ።

አጠገቤ የተቀመጠችው አለቃችን አንገቷን አስግጋ አየችና፣ «ሓወይ! ምን ነካኸው?» አለችኝ። ወላጆቿ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ አራዳ ተወልዳ ያደገች ናት። ስትደነግጥም ስትደሰትም ትግርኛዋ ይቀድማታል፤ «ሓወይ» ወንድሜ ማለቷ ነው።

«ምንም አልነካሁም። እውነቱን ንገረኝ አልኩት፣ ነገረኝ።»

«ታዲያ እንዲህ አድርጎ ነው እንዴ እውነት የሚነገረው?» ብላ ሳቀች። ግን ሳቋ ብዙ አልቆየም። ቀዩን እያንሸራተተች ወደ ታች ስትወርድ፣ መጨረሻው ስላልመጣላት እጇን ከመዳፊቱ ላይ አነሳች።

መተግበሪያችን ደም ለጋሾችን የሚጠራ ነው። አንድ ሆስፒታል ደም ሲያጥረው ጥያቄ ይልካል። ጥያቄው አስተባባሪ ነርሶች የያዙት ታብሌት ላይ ይደርሳል። ታብሌቱ የሚስማማ የደም ዓይነት ያለውን፣ ቅርብ ያለውንና ደም ከሰጠ የቆየውን ለጋሽ ይፈልጋል። ነርሷ ስትፈቅድ በለጋሹ ስልክ ላይ ጥሪው ይጮኻል። ለዓመታት እንዲህ ሲሠራ ኖሯል፤ ስንቶች በእሱ እንደተረፉ ሳስብ አንዳንዴ ሥራዬ ሥራ አይመስለኝም፣ አደራ ይመስለኛል።

አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ከስንት አንዴ፣ የአንዱ ለጋሽ ስም ከሌላው የደም ዓይነት ጋር ተጣምሮ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይልና ዓይን ሳይርገበገብ ይጠፋል። ነርሶቹ «ሰላቢው መጣ» ይላሉ። ደም ሳይመረመር ለማንም ስለማይሰጥ በሰው ላይ ጉዳት አላደረሰም። ቢሆንም የተጠራው ሰው ከሥራው ተነቅሎ፣ ታክሲ ተጋፍቶ ይመጣና «ይቅርታ፣ የእርስዎ ደም አይደለም የተፈለገው» ይባላል። እኔ ይህን ሰላቢ ፈልጌ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ስፈልገው አይመጣም፤ ስተወው ይመጣል።

ያ ሁሉ ቀይ መስመር የእሱ ዱካ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ አንድ ሰው በእጁ ይዞት አንድ ነገር ሲያይበት ጸጥ ያለ ይመስላል። ውስጡ ግን ገበያ ነው። አንዱ ስክሪኑን ይስላል፣ ሌላው ከሩቅ መልእክት ይቀበላል፣ ሌላው ካርታውን ያነባል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ። እነዚህን ሠራተኞች በእኛ ሙያ ክሮች እንላቸዋለን። ሁለት ክሮች አንድን ነገር በእኩል ጊዜ ከነኩት፣ ለምሳሌ አንዱ የለጋሹን መረጃ እየቀየረ ሳለ ሌላው ካነበበው፣ ያነበበው ስሙ ተቀይሮ የደም ዓይነቱ ገና ያልተቀየረ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በምድር ላይ የለም። ግን ስክሪኑ ላይ ይታያል። ይህን ነገር ሽሚያ እለዋለሁ።

ድሮ ሽሚያ የሚታወቀው ሲደርስ ብቻ ነበር። አሁን ግን ኮምፓይለሩ፣ ማለትም እኛ የጻፍነውን ኮድ አንብቦ ስልኩ ወደሚገባው የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ገና ምንም ሳይሠራ፣ ማንም ስልኩን ሳይነካ፣ ጽሑፉን ብቻ አይቶ «እዚህ ጋ ሁለት ሊገናኙ ይችላሉ» ይላል። ያልሆነውን፣ ግን ሊሆን የሚችለውን ያያል። የመጀመሪያውን ቀይ መስመር ሳነብ ያስነሳው ጥርጣሬ ትክክል ነበር። ሁለተኛውም። ከሰዓት በኋላ አንዱ መስመር ላይ ደረስኩ፤ ሰላቢው ራሱ፣ ከነቤቱ፣ እዚያ ተቀምጦ ነበር። መረጃውን የሚቀበለው ክር የሚጽፍበት፣ ስክሪኑን የሚስለው ክር የሚያነብበት፣ አንድ ቦታ። ከወንበሬ ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ታች ታክሲዎቹ፣ አውቶቡሶቹ፣ አዲስ በተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚሄደው ሕዝብ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ማንም ከማንም ሳይጋጭ። ሲወርዱና ሲወጡ እያየሁ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ቀዩን አንድ በአንድ ማጽዳት ሆነ። አለቃችን በየጠዋቱ መጥታ፣ «ዛሬስ ስንት ገደልክ?» ትለኛለች። የፕሮግራም ቋንቋው ለዚህ የሚሆን አንድ አዲስ መሣሪያ አለው። እኔ ዘበኛ እለዋለሁ። የለጋሾቹን መረጃ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጠህ በሩ ላይ ዘበኛ ታቆማለህ፤ የፈለገ ክር ሁሉ በእሱ በኩል አንድ በአንድ ይገባል። ሁለት ክሮች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ አይነኩም። ዘበኛውን ባቆምኩበት ሁሉ ቀዩ እየጠፋ ሄደ።

በዚህ መሃል እየደጋገመ የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ያንን አሮጌ ኮድ የጻፉት ጋሼ ናቸው። ኮድ መጻፍ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ለዓመታት ሠርተናል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሁልጊዜ ክራቫት የማይለያቸው፣ የአራዳ ጨዋታ የሚችሉ ሰው ነበሩ። ጋሼ በጻፉበት ዘመን እንዲህ ያለ ኮምፓይለር አልነበረም። ዘበኛም የለም። የትኛው ክር የቱን መቼ እንደሚነካ በጭንቅላታቸው ብቻ ይዘው ነበር የጻፉት። ኮምፓይለሩ በጣም የጮኸው ከእሳቸው በኋላ ሌሎቻችን በጨመርነው ላይ ነበር። የእሳቸውን ጥንታዊ ክፍል ስከፍት ግን ብዙ ጊዜ ኮምፓይለሩ የሚጠረጥረው ሁሉ አስቀድሞ የተዘጋ ሆኖ አገኘዋለሁ። ማሽኑ «ይህ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልኩም» ይላል፤ እኔ አንብቤ አንብቤ ትክክል ሆኖ አገኘዋለሁ። አንድ ሰው ያንን ሁሉ እንዴት በአንድ ጭንቅላት ይይዘዋል?

ልጠይቃቸው አልቻልኩም። ጋሼን ባለፈው ዓመት ስትሮክ መቷቸዋል። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ደከመ። ከሁሉ የከፋው ግን ንግግራቸው ነበር። ቃላቱ ሄዱ። ቢሮም አልተመለሱም።

የመጨረሻው ቀይ መስመር የጠፋ ዕለት አለቃችን አጨበጨበች። ስክሪኑ ንጹሕ ነበር። ታብሌቱን ይዤ ወደ አስተባባሪዎቹ ነርሶች ሄድኩ፤ ለሙከራ። ከእነሱ መካከል በዕድሜ የገፉት ሲስተር፣ እኔን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ልጄ» እያሉ የሚጠሩኝ፣ የውሸት ጥያቄዎችን እንደ እውነት እየላኩ እስኪደክማቸው ሞከሩት። ሰላቢው አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ሰላቢህ ሞቷል፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ።»

«ምን መጣ ሲስተር?»

«ከሁለት ሆስፒታል ጥያቄ እኩል ላክን። መቼም ሙከራ ነው። ያንን የማይገኘውን የደም ዓይነት ነው የጠየቅነው። ይህ ዕቃ አንዱን ለጋሽ ለሁለቱም ሆስፒታል ሰጠልኝ። ሰውየው አንድ ነው፤ የት ይሂድ? አንዱ ጋ ሲሄድ ሌላው ጋ ያለው በሽተኛ እየጠበቀው ሊሞት ነው?»

ይህ በድሮው ኮድ ደርሶ አያውቅም። ኮምፓይለሩን ጠየቅኩት፤ ምንም ስህተት የለም አለኝ። የጻፍኩትን መላልሼ አነበብኩ። ዘበኛው በሩ ላይ ነው። አንድ በአንድ ነው የሚያስገባው። ሁለት ጥያቄ አንድ ለጋሽ እንዴት ያገኛል? ቢሮው ውስጥ የምጠይቀውን ሁሉ ጠየቅኩ። ሁሉም መጥቶ ያያል፣ ዘበኛውን ያያል፣ «ደህና ነው እኮ» ብሎ ይሄዳል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ ጋሼ ሰፈር፣ ወደ እሪ በከንቱ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ጋሼ ይመልሱልኛል ብዬ አልነበረም። ሄጄ ልጎበኛቸው አስቤ ነበር፣ ናፍቀውኝም ነበር፤ ኮምፒውተሩን የያዝኩት ምናልባት ስክሪኑን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው።

በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። አቅፈው ሳሙኝና ወደ ውስጥ ሳልገባ በሹክሹክታ አስጠነቀቁኝ።

«አንዲት ቃል ብቻ ናት የቀረችው። ስትሰማው እንዳትደነግጥ። ሁሉንም ይሰማል፣ ሁሉም ይገባዋል። ለመናገር ሲል ግን አንዷ ብቻ ናት የምትወጣው።»

ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ክራቫታቸውን አስረዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ግራ እጃቸውን ዘርግተው፣ «እንግዲህ!» አሉ።

ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው። «እንዴት ነዎት ጋሼ? ተሻለዎት?»

«እንግዲህ» አሉ፤ አሁን ቀስ ብለው፣ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው። እንዳለ አለን ማለት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ጠቁመው፣ ቅንድባቸውን አንስተው፣ «እንግዲህ?» አንተስ?

ያቺን አንዲት ቃል በስንት ዜማ እንደሚሏት ብነግራችሁ አታምኑኝም። መጥሪያም፣ መሳቂያም፣ መቆጫም ሆናለች። እትዬ ሻይ እየቀዱልኝ ዓይኔን አዩና አንድ ነገር ላሳይህ አሉ። ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ የየጠዋቱን ጸሎት የመጀመሪያ ቃል በግዕዝ አሉላቸው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑና ቀጠሉ። አንድ ቃል ሳይሰናከሉ፣ አንድ ፊደል ሳይገድፉ፣ በዚያ በማውቀው ጎርናና ድምፃቸው፣ እንደ ውሃ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ገለጡ። ሻዩን ለመጠየቅ አፋቸውን ከፈቱ፤ ታገሉ፤ «እንግዲህ» አሉ።

«ሐኪሙ ነው የነገረን» አሉ እትዬ። «ጸሎትና ዜማ የሚቀመጡበት ጓዳ ሌላ ነው አለ። የበሽታው እሳት እዚያ አልደረሰም አለ።»

አንድ ሰው ውስጥ ስንት ክፍል አለ? ውሃ ስጡኝ ማለት ያቃተው ሰው ያንን ሁሉ ግዕዝ ተሸክሞ ይኖራል።

ሻያችንን ስንጨርስ ጋሼ በአገጫቸው ወደ ቦርሳዬ ጠቆሙ። አውጥቼ ከፈትኩላቸው። የድሮውን ኮዳቸውንና የእኔን አዲሱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ቀዩን፣ ዘበኛውን፣ የሲስተርን ሁለት ሆስፒታል። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

ያነብባሉ ብዬ አልጠበቅኩም። ፊደል የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለ በሽታ ሲይዘው ንባቡም እንደሚሄድ ሰምቼ ነበር። እትዬም ጋዜጣ እንዳቃታቸው ነግረውኛል። ግን ዓይናቸው መስመሩን ይዞ ወረደ። ተመለሰ። ወረደ። በግራ እጃቸው ሌባ ጣት ገጹን ያንቀሳቅሳሉ። ከውጭ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። አንድ ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። የእኔ ኮድ ላይ ነው። ዘበኛው ከሩቅ ካለው ዋና ኮምፒውተር «ይህ ለጋሽ ደም ለመስጠት ይችላል ወይ?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅባት መስመር።

«እንግዲህ» አሉ። እዚህ ጋ ነው።

«ምኑ ጋሼ? መጠበቁ?»

ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«መጠበቅ ግን ግድ ነው። ካልጠየቅኩ አላውቅም።»

አሁንም ነቀነቁ። ከዚያ ሊያስረዱኝ አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ አልመጣም። እንደገና ሞከሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። በቃ ይተዉት ልል ስል፣ ዓይናቸው ክፍሉን ዞረና በሩ አጠገብ ያለች አንዲት ወንበር ላይ አረፈ። ፊታቸው ላይ ያ የድሮው፣ አንድ ተንኮል ያሰበ ሰው ፈገግታ መጣ።

ወንበሯን ጠቆሙ። ባዶ መሆኗን በእጃቸው አሳዩኝ። ከዚያ እኔን ጠቁመው ተነስቼ ወደ እሷ እንድመጣ አደረጉ፤ ልቀመጥ ስል ግን መዳፋቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። ጠብቅ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ውጭ ካለ ሰው ጋር እንደሚነጋገሩ ሁሉ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። በዚህ መሃል ለእትዬ በዓይናቸው ምልክት ሰጧቸው። እትዬ ግራ ገብቷቸው መጡና ወንበሯ ላይ ተቀመጡ።

ጋሼ ከመስኮቱ ዞሩ። መልሱ የመጣላቸው መስለው፣ በትልቅ የአክብሮት ግብዣ እጃቸውን ወደ ወንበሯ ዘርግተው፣ «እንግዲህ!» አሉኝ። ተቀመጥ!

«ምን? እኔ ላይ ልታስቀምጠው ነው?» አሉ እትዬ።

ጋሼ በሳቅ ፈነዱ። እትዬም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። በወንበሯ ላይ የማየው የራሴን ኮድ ነበር።

ዘበኛው በሩ ላይ ነው። አንድ በአንድ ያስገባል። ግን ያስገባው ሰው ከሩቅ መልስ እየጠበቀ በቆመ ቁጥር፣ ዘበኛው ሥራ ፈትቶ አይቆምም፤ በሩን ለሚቀጥለው ይከፍታል። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ለጋሽ ባዶ ነው፣ ማንም አልያዘውም» ብሎ አይቶ መልስ ሲጠብቅ፣ ሁለተኛው ገብቶ ያንኑ ለጋሽ አየ። እሱም ባዶ ነው አለ። ሁለቱም በየተራቸው፣ ሕግ ሳይጥሱ፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኮምፓይለሩ ልክ ነው፤ እኩል የነካው የለም።

ጋሼ ግን አልጨረሱም። እትዬን በእጃቸው አስነሷቸው። ከዚያ ሶፋው ላይ የተደገፈውን ከዘራቸውን አንስተው ሰጡኝና ወንበሯ ላይ እንዳጋድመው ጠቆሙኝ። አጋደምኩት። አሁን ወደ መስኮቱ ዞሩ። እትዬ ጨዋታው ገብቷቸዋል፤ ልቀመጥ ብለው መጡ፣ ከዘራውን አዩ፣ «ውይ፣ ሰው አለበት ለካ» ብለው ወደ ሶፋው ሄዱ። ጋሼ ዞሩ፤ ከዘራውን አንስቼ እንድቀመጥ በእጃቸው ጠቆሙኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ደግሞ አስነስተውኝ ከዘራውን መልሼ እንዳጋድመው ጠቆሙኝ፤ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ አሁን ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። መልሱ አይሆንም ነው። ከዘራው ተነሳ፤ ወንበሯ ለሌላ ሰው ተለቀቀች።

አስቀድሞ መያዝ። ከዚያ መጠየቅ። ካልተፈቀደ መልቀቅ።

ወደ ስክሪኑ ተመለስኩ። በድሮው ኮዳቸው ላይ በትክክል እንደዚያው ተጽፏል። ለጋሹ መጀመሪያ «ተይዟል» ይባላል፤ ከዚያ ይጠየቃል። ወደ አዲሱ ስገለብጠው ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ መስሎኝ፣ መጠየቁን አስቀድሜ መያዙን አስከትዬ ነበር፤ ለሚያነበው የሚጥም፣ ያማረ ኮድ ወጥቶልኝ ነበር።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ይህን ሁሉ ድሮውኑ አስበውት ነበር?»

«እንግዲህ!» አሉ። ታዲያስ! ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ፤ ስሳሳት ድሮም እንዲህ ያደርጉኝ ነበር።

አሁን ጥቂት ቃላት ተመልሰውላቸዋል። የባለቤታቸውን ስም ይጠራሉ። ቡና ይላሉ። በሳምንት አንዴ ከሚያስተምራቸው የንግግር ሐኪም ጋር ሆነው ቃላቱን ይታገላሉ። የዚያን ቅዳሜ ግን ከአንዲት ቃልና ከአንድ ወንበር ሌላ ምንም አልነበራቸውም፤ እኔም በትምህርት ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ጥርት ያለ ነገር የሰማሁ አይመስለኝም። ዳገቱን ስወጣ ምን ዓይነት አየር እንደነበር፣ ማንን ሰላም እንዳልኩ አላስታውስም። እጄ ባዶ ሆኖ አንድ የሚሰበር ዕቃ የያዝኩ ይመስል ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው።

ሰኞ ጠዋት ጥቂት መስመሮችን አዛወርኩ። ሥራው ይኸው ነበር። ሲስተር ሞከሩት፤ በሁለት፣ በሦስት ሆስፒታል፣ በአንዴ። አንዱ ለጋሽ ለአንዱ ብቻ ሄደ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉኝ። አለቃችን አዲሱን እትም ለሁሉም ታብሌቶች ለቀቀችው።

ብዙ ሳይቆይ አንድ ረፋድ ላይ ሲስተር ደወሉልኝ። ድምፃቸው ተቻኩሏል። «ቢሮ ከሆንክ ቶሎ ናና እይ» ብለው ዘጉት።

ደም መስጫው ከቢሮአችን ብዙ አይርቅም። በእግሬ ሮጥ ሮጥ እያልኩ ደረስኩ። ሲስተር በሩ ላይ ቆመው ነበር። አንዲት እናት ወልዳ ደሟ አልቆም ብሏል፤ በሌላ ሆስፒታል ደግሞ አንድ መኪና የገጨው ሰው ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቷል። ሁለቱም የፈለጉት ያንኑ የማይገኝ የደም ዓይነት ነው። ጥያቄዎቹ የመጡት በአንድ ጊዜ ነው።

«ተመልከት» አሉኝና ወደ መጠበቂያው ክፍል ጠቆሙኝ።

የመጀመሪያው ሰው ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ከአንዱ የመጣ አንጥረኛ ነበር፤ ወርቅ የሚያይበትን ማጉያ መነጽር ከአንገቱ ሳያወርድ ነው የመጣው። ቀጥሎ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ከነዩኒፎርሟ፣ ከነደረት ባጇ ገባች። ከዚያ የታክሲ ረዳት፤ ከውቤ በረሃ ሰፈር በኩል እየሮጠ መጥቶ ያለከልካል። ከዚያ ደግሞ ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት መነኩሲት። ማንም ማንንም አያውቅም። ሁሉም ስልካቸውን በእጃቸው እንደያዙ ነው። ሲስተር የእያንዳንዳቸውን ጥሪ እያዩ «እርስዎ በዚህ በኩል፣ አንተ በዚያ በኩል» ይላሉ። አንዱ ለእናትየዋ፣ አንዱ ለተገጨው ሰው። ሁለቴ የተጠራ የለም። በከንቱ የመጣም የለም።

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ስንት ሰዎች በዚህች ሰዓት ሥራቸውን ጥለው፣ የማያውቁትን ሰው ብለው፣ በየአቅጣጫው ዳገትና ቁልቁለት እየረገጡ ወደ አንድ ክፍል መጡ? ማን አስገደዳቸው? ኮዱን ጽፌዋለሁ፣ እያንዳንዱን መስመር አውቀዋለሁ፤ ይህን ግን እኔ አልጻፍኩትም።

መነኩሲቷ ተራቸውን ሲጠብቁ ለአንጥረኛው እንዲህ አሉት፤ «ስልኬ ሲጮኽ እኔን ብቻ የጠሩኝ መስሎኝ ነበር እኮ። ካልደረስኩ አንድ ነፍስ ጠፋች ብዬ ነው የሮጥኩት።»

አንጥረኛው ቀና ብሎ አያቸው። «እኔም እናቴ። እኔም ብቻዬን መስሎኝ ነው።»

የባንክ ሠራተኛዋ ዞረች። እሷም እንደዚያው አስባ እንደነበር ፊቷ ይናገራል። ሁሉም ተያዩ።

የታክሲ ረዳቱ ደሙን ሰጥቶ፣ ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፎለት፣ የተሰጠውን ብስኩት እየበላ ወጣ። «ሲስተር» አላቸው፣ «ደሜ ለማን እንደሆነ አይነገረኝም?»

«አይነገርም። ሕጉ ነው።»

«እሺ ይሁን። እዚህ ስትወራ ለሰማኋት ወላድ ከሆነ ግን ንገሩልኝ፤ ከእንግዲህ ፋራ አትሆንም። የአራዳ ደም ገብቶላታል።»

ሳቅ በሳቅ ሆንን፤ መነኩሲቷ እንኳ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሳቁ። እሱ ብስኩቱን እየቆረጠመ ደረጃውን ወረደ።

ሲመሽ ሲስተር መልእክት ላኩልኝ። የእናትየዋ ደም ቆሟል። የተገጨው ሰውም ከቀዶ ጥገናው ወጥቷል። ቢሮው መስኮት ላይ ቆሜ መልእክቱን አነበብኩት። ታች የቸርችል ጎዳና መብራቶች መብራት ጀምረዋል፣ ሰው ከሥራ እየወጣ ነው፤ በዚያ ሕዝብ መካከል የትኛው የተጠራ፣ የትኛው የተረፈ እንደሆነ ማን ያውቃል። አለቃችን አጠገቤ መጥታ ቆመች። ስልኩን ሰጠኋት። አንብባ መለሰችልኝና፣ ሁለታችንም መንገዱን አየን።